አምስት ግራም

ሠራተኛ ሰፈር፣ ከወርቅ ቤቱ ጓሮ፣
አባቴ ቀለበት ያቀልጥባት ክፍል፣ ዛሬ ሥራዋ ተቀይሮ፣
ወፍጮዬ ይዞራል ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት፤
ካካዎና ስኳር፣ ጥቁር የጾም ቸኮሌት።

የመጀመሪያው ምርት ሃያ ፍሬ ነበር፣
ቸርችል ቁልቁለት ላይ፣ ለአንድ ሱቅ ያስረከብኩት በክብር።
በዐሥረኛው ቀን ባለሱቁ አቶ ሽኩር
በካርቶን መለሰው፦
«ልጄ፣ ሻግቷል፤ ሰው ሳይታመም ቅበሪው።»

«ሻጋታ አይደለም» አልኩት። ማን ይመነኝ?
ጥቁሩን ያለበሰው ዐመዳም ብናኝ፣
ቀን ፀሐይ ያላላው፣ ሌት ብርድ የጨበጠው፣
የካካዎው ቅቤ ነው፣ ከስኳሩ ተኳርፎ ሽቅብ የወጣው።

(ቅቤ ስል ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፤
«የጾም ነው አላልሽም?» ትላለች ደንበኛ፣ ቦርሳዋን ሳታወጣ።
የፍሬ ቅቤ ነው፣ ላም አታውቀውም፣
ብዬ ብምልላት አትሰማኝም።)

ኑሪያ፣ አራት ኪሎ ኬሚስትሪ የተማረች፣
በሽሮፕ ጠርሙስ ማር የመሰለ ነገር ይዛ ከች አለች።
ከሱፍ አበባ ነው፤ ሌሲቲን ይባላል።
«በራሱ ስኳሩን ይይዛል፣ በጅራቱ ቅቤው ውስጥ ይተኛል፤
ማንንም አይለውጥም። መሀል ይገባል፣ በቃ።»

ለአንድ ኪሎ አምስት ግራም።
እኔ ችኩሏ፣ መድኃኒት ሲበዛ ያድናል ብዬ
ዐሥራ አምስት ጨመርኩ።
ወፍጮው አቃሰተ፤ ቸኮሌቱ ወፍሮ አልወርድም አለ።
ኑሪያ ሳቀች፦
«ሽማግሌ ሲበዛ ነገር ይካረራል እኮ!»

አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል።
ምንም ሳይናገር የወርቅ ሚዛኑን ከመሳቢያ አወጣ፣
እፍ አለበት፣ በሹራቡ እጅጌ ወለወለው፣
በክብሪት እንጨት ጫፍ ጠብ፣ ጠብ እያደረገ
አምስት ግራም ለካ።
እጁ አልተንቀጠቀጠም፤
እናቴን ከቀበርን ወዲህ መጀመሪያው ነው።

እሷ ሳለች አባቴና ወንድሜ ይነጋገሩ ነበር፣
በእሷ በኩል።
«ልጅህ እኮ ደክሞት ነው።»
«አባትህ እኮ ስለሚያስብልህ ነው።»
ይህችን በምታህል ቃል ቤቱ ይለዝብ ነበር።
ስትሄድ፣
ሁለቱም በአንድ ገበታ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣
ቀስ በቀስ ነጡ።

አዲሱ ምርት ፈሰሰ፣ ረጋ፣ ሲሰበር ቀጭ አለ።
መለያው ታትሞ ሲመጣ አባቴ መነጽሩን አደረገ፦
«ካካዎ… ስኳር…»
ጣቱ ወረደ፣ ወረደ፣
ከመጨረሻው መስመር፣ ጉንዳን በምታህል ፊደል፣
«ሌ… ሲ… ቲን። ይቺ ናት ያያዘችው?»
«ይቺ ናት።»
መነጽሩን አውልቆ ብዙ ቆየ።

አንዷን ፍሬ ወስዶ፣ ቀለበት ይደረደርበት በነበረው
መስታወት ውስጥ አኖራት።
መብራት ሄደ፣ መጣ። ፀሐይ ገባ፣ ብርድ ገባ።
ጠዋት ጠዋት መስታወቱን እየወለወለ ያያታል፣
ነጥታ እንደሆነ።

ትናንት ከወፍጮው ቀና ስል ወንድሜም እዚያው ነበር፤
ጎን ለጎን ጎንበስ ብለዋል፣ ትንፋሻቸው መስታወቱን አደብዝዞት።

«አርባ ቀኗ ነው» አለ አባቴ፣
ለማን እንዳለ እንጃ።

ወንድሜ በመዳፉ ጉሙን ጠረገ።
«ጥቁር ናት» አለው።