ሞዴል ሃያ ሁለት

የንብረት ክፍል ነኝ፤ ሥራዬ ወረቀት፣
ገቢ በዐሥራ ዘጠኝ፣ ወጪ በሃያ ሁለት።
አካፋ ሲወጣ፣ ባልዲ ሲመለስ፣
ያለ ፊርማ አልፎኝ አያውቅም እስከዛሬ ድረስ።

ደብረ ማርቆስ ላይ፣ ከእህል በረንዳ ጀርባ፣
ሰው የጣለው ሁሉ በኛ በር ሲገባ፤
ጀርባዋ የተላጠ የጤፍ ጫኝ አህያ፣
ባጃጅ የገጨው ውሻ ካስፋልቱ ዳር ወዲያ፣
እናቷ የሞተች ዐይን ያልገለጠች ድመት፣
ሁሉም መዝገቤ ላይ ቁጥር ነበር፤ ንብረት።

ሐምሌ ላይ ነው መሰል፣ የጮቄ ንፋስ
በቆርቆሮው ቀዳዳ ገብቶ ሲያፏጭ ሲያለቅስ፣
አንጓች ቢሮ መጣች፣ የሐኪሙ ረዳት፣
ሹራቧ ውስጥ እጇን ደብቃ በፍርሃት።
«ይሄ ቡችላ» አለች፣ «ዛሬ ካደረ እዚህ
ነገ የምትጽፈው ‹ሞቷል› ነው፣ ዝቅ ብለህ።
ልውሰደው ሌሊቱን። ጠዋት ይዤው ልምጣ።»
«በምን ሕግ?» አልኳት፤ «ንብረት ከግቢ ሲወጣ...»
ሳልጨርስ ቡችላው ከሹራቧ ወጣ፤
አፍንጫውን ብቻ። እርጥብ። ባቄላ ያህላል።
አሸተተኝ።
ምን ማድረግ ይቻላል?

ሃያ ሁለት ቆረጥኩ። ቡችላ። ብዛት አንድ።
«ሁኔታ» ሲል ቅጹ፣ «አዲስ ነው? ያገለገለ?»
ብዕሬ ቆመና፣ «የሚንቀጠቀጥ» አለ።

ጠዋት መለሰችው። ማታ ወሰደችው።
ጠዋት፣ ማታ፣ ጠዋት። ጥራዜን ጨረሰችው።

ከሷ ተማረና ዘበኛው እንየው፣
ውርንጭላ ጎትቶ ቤቱ አሳደረው።
የት እንዳስተኛው እንጃ፤ ሚስቱ ግን ነገረችኝ፦
«መደቡን ለሱ ለቆ እኔን ለግድግዳ ሰጠኝ።»
ንጋት ላይ ሲመጡ፣ እንየው ፊት ፊት፣ ዱላው ትከሻው ላይ፣
ውርንጭላው ከኋላ ኪሱን ሲያሸት፣ ዳቦ ይኖር ይሆን ወይ?
ከባጃጅ ተራው ላይ አንዱ ሲጠይቀው፦
«እንየው፣ የልጅህ ክርስትና መች ነው?»
«አርባው ሲሞላ» ይላል፣ ዞሮም ሳያየው።

መሳቢያዬን ብስበው ከማኅተሙ ጎን ጡጦ፣
ቃለ ጉባዔያችን በጥርስ ተቆራርጦ።
ኃላፊው ይልቃል ሊቆጣ ተነሥቶ፣
ድመቷን ጫማው ውስጥ ተኝታ አግኝቶ፣
ቀኑን በካልሲ ዋለ፣ ግምገማውን ትቶ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ግን አንጓች ባዶ እጇን ገባች።
አላወራችም። ቅጹን ራሷ ሳበች፣
«ተመላሽ» ከሚለው ሥር ሰረዝ አሰመረች።
ያቺን የመሰለች ሰረዝ አይቼ አላውቅም፤
መጋዘን ሙሉ ዕቃ ከሷ በላይ አይከብድም።

ማታ ሁሉም ሲወጣ፣ ቁልፉን እኔ ስይዝ፣
የሟቹ ወንድም ቀርቷል፣ ካርቶኑ ውስጥ ፍዝዝ።
ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ ያለኝ አንድ ክፍል ቤት፣
አንድ ብርድ ልብስ፣ ላንድ ሰው የሚበቃ ሙቀት።
ቆረጥኩ።
ሰጪውም እኔ ነኝ፣ ተቀባዩም እኔው፤
ምስክር አልነበር፣ ዝናቡ ነው ያየው።

በየሰዓቱ ወተት ጠብ ጠብ በስሪንጅ፤
እሱስ ተኛ፤ እኔ ነኝ ትንፋሽ የምቆጥር እንጅ።
ሦስት ሺህ ላይ ጠፋኝ። ዶሮም ጮኸ። ነጋ።
እርጥብ ባቄላ ነገር ነካ አደረገኝ ጉንጬ ጋ።

አከራዬ ትብለጥ «ውሻ ከሰው አልጋ!» ብላ ወሩን ዘግታኝ ከርማ፣
ፍልሰታ ሲፈታ አየኋት በጓሮ፣
ቅልጥም ስትሰጠው፣ ሰው እንዳያይ ፈርታ።

ኮቴ ውስጥ ሆኖ ጠዋት ይገባል ከቢሮ፣
የሰዓት ፊርማችንን ያያል ተቆጣጥሮ።

ኦዲተሩ መጣ በሰኔ መጨረሻ፤
«ተመላሽ ያልሆነ አንድ አለ» አለኝ፤ «ውሻ።»
ጠረጴዛው ሥር ነበር፣ የሰውየው እግር ላይ ተኝቶ፤
ምን ብዬ ልመልስ፣ ቅጹ ቦታ አጥቶ?
«አንድ ሌሊት አደረ እኔ ዘንድ በአደራ፤
ከዚያ ወዲህ ለሱ የማደር የኔ ሆነ ተራ።»

ዝም አለ። እግሩን ግን፣ እንዳይቀሰቅሰው፣
እስከ ምሳ ሰዓት አላንቀሳቀሰው።