የገመዱ ቋጠሮ

ከአውቶቡስ ስወርድ፣ ኢካ ዳር፣ መንገድ ላይ፣
አሸዋ ነው ምድሩ፣ አሸዋ ነው ሰማይ።
ባሕሩ ሩቅ አይደል፣ ጠረኑ ይሸታል፣
ነገር ግን ጠብታ ለሰው መች ይሰጣል?
ጉም ብቻ ይልካል በማለዳ ብድር፤
ፀሐይ ታስመልሳለች ሳይደርስ ከምድር።

“እዚህ ወይን አለ” ቢሉኝ ነው የመጣሁ፤
ውሸት ነው መሰለኝ፣ ካርታዬን አወጣሁ።
ካርታውም አሸዋ።

ከክምሩ ጀርባ፣ ዞር ስል በድንገት፣
አረንጓዴ ነገር፣ ልክ እንደ ስህተት።
ሰባት ረድፍ ወይን፣ አንድ ዋራንጎ ዛፍ፣
የጭቃ ግድግዳ፣ በሩ ላይ ምንጣፍ፣
ምንጣፉ ላይ ድመት፣ ከድመቷ አጠገብ
ዶኛ ኤውዶሲያ ጥላ ስትሰበስብ።

እግሯ ሐምራዊ ነው እስከ ቁርጭምጭሚቷ፤
የወይን ረጋጭ ናት፣ ረጋጭ ነበረች እናቷ።
“ሳሙና አይለቀው” አለችኝ ስታየኝ፣
“ስሞትም ብትመጣ በእሱ ነው ’ምትለየኝ።”

ጠየቅኳት ዕድሜውን፣ የወይን ተክሏን።
አልመለሰችልኝም። ጎተተች ገመዷን
ከጉድጓዱ አፍ ላይ፤ ወፍራም የጥጥ ገመድ፣
ጭቃ የለበሰ፣ ረጅም እንደ መንገድ።

“ይኸ የአያቴ ነው” አለች ስትነካ
የፊተኛውን ቋጠሮ። “ያኔ ሲለካ
ስምንት ክንድ ነበረ፤ ዘፈን ሳይጨረስ
ባልዲው ይወጣ ነበር፣ ሞልቶ እስኪፈስስ።
ይኸኛው የአባቴ፣ በአሥራ ዘጠኝ ክንድ።
ይኸ የወንድሜ ነው፣ የአናክሌቶ፣ የዚያ ጉድ፤
ሰክሮ የቋጠረው፣ ለዚያ ነው የላላው፤
ውሃው ግን አልሰከረም፣ ቁልቁል ነው የገፋው።
ይኸ የእኔ የድሮ። ይኸ የእኔ የአምና።
ይኸ ዘንድሮ ነው፤ አልጠበቀም ገና።”

ከሽቦ አጥሩ ወዲያ፣ ከመንደሩ ባሻገር፣
ፓምፕ ያጓራል ሌሊት፣ ያጓራል በቀትር፤
ለሩቅ አገር ገበታ አስፓራገስ ያጠጣል።
“ባለቤቱን አላውቀው” አለች፣ “ጥሩ ይጠጣል።”

ከሰዓት በኋላ ፓራካስ ነፈሰ፤
ነፋስ ነው፣ አሸዋ እንደ ካባ የለበሰ።
ሾርባው አፍ ውስጥ ገብቶ ከጥርስ ጋር ተፋጨ፤
የዘጋነው መስኮት እንደ አይጥ ተንጫጨ።

ወደ ጓዳው ገባን። ጋኖች ተደርድረው፣
እስከ ብብታቸው አፈር ውስጥ ተቀብረው፣
ከአሸዋው በታች ምን እንዳለ ሰምተው
የማይናገሩ፣ አፋቸውን በጭቃ ዘግተው።
አንዱን ከፈተችው፤ በቅል ቀዳችልኝ፤
ከጉድጓዱ ወገብ የቀዳች መሰለኝ።
በቋንቋዬ “መቅዳት” ለውሃም ለወይንም፤
ልነግራት ሞከርኩኝ፤ ስፓኒሼ አልደረሰም።
መጀመሪያ ጨው ነው፣ ቀጥሎ የበለስ ልጣጭ፣
ከዚያ የፀሐይ ቁጣ፣ ጉሮሮ የሚላጭ።

ሌሊት ላይ ሰው ጮኸ፦ “ወንዙ መጣ! ወንዙ!”
ጎረምሶች አካፋ፣ ልጆች ፋኖስ ያዙ።
አሥር ወር ድንጋይ ብቻ በተኛበት አልጋ
መጣ ቀስ እያለ፣ ጉድፍ እያንጋጋ፤
ከአረፋው መሐል አንድ የሕፃን ጫማ አለ፤
ከየትኛው ተራራ ማንን ተከተለ?

ኤውዶሲያ ጫማዋን አውልቃ ቆመች፤
ውሃው እግሯን ሲነካት “ዘገየህ” አለች።
ያንን ብቻ አለች። ሌላው ሰው ሲጨፍር
እሷ በጣቶቿ ትቆጥራለች ነገር፦
ስንት ቀን ይቆያል፣ ስንት ረድፍ ያጠጣ፣
ጉድጓዱስ ስንት ክንድ ወደ ላይ ይወጣ።

ጠዋት ልሄድ ስነሣ አየሁት ገመዱን፤
ካሉት ቋጠሮዎች አልፈታችም አንዱን።
በሩ ላይ የወጣው፣ የዘገየው ሐረግ፣
ፍሬ ቋጥሮ ነበር፣ ጥቂት፣ እንዲያው ለወግ።
እሷ ገመድ ቋጠረች፣ ሐረጉ ፍሬውን፣
እኔም አውቶቡስ ውስጥ ይህቺን ስንኜን።

አልጠበቀም ገና።
ከንፈሬ ላይ ጨው አለ፤ የአምና ነው፣ የአምና።