ችካል ቁጥር ሰባት

ከሲልቫ በላይ፣ ዳገቱ ሲያበቃ፣ ጫካው ይጨልማል፤
ሰኔ ገብቶም እንኳ፣ ቅጠሉ እስከ ቀትር ጤዛ ያንጠባጥባል።
እኔ ቀያሽ ነኝ፤ ገመድ ጥዬ እበላለሁ፣
የሰውን ቂም በስንዝር ለክቼ አስረክባለሁ።

የጠሩኝ እህትማማች ናቸው፣ ዊላና አይዳ፤
አንዲት ጥግ ጫካ ናት የሁለቱም ዕዳ፣
አባት ሲሞት ያልተናዘዘባት፣
ለእርሻ የማትሆን፣ ድንጋይና ሥር የበዛባት።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በጠበቃ አፍ ተነጋገሩ፤
ሰላምታቸው እንኳ በፖስታ ነው፣ ማኅተም አለው ከዳሩ።

ስድስቱን ችካል ተከልኩ። ሰባተኛው ላይ ስደርስ፣
መዶሻዬን አንሥቼ፣ ጉልበቴ በድንጋይ ሽበት ሲርስ፣
አየኋት።
ቅጠሏ ከአውራ ጣቴ ጥፍር የማይተልቅ፣
ከጥድ ሥር እየዳኸች ፍንጣቂ ብርሃን የምትሰርቅ፤
በአንድ አንገት ሁለት አበባ፣ ነጫጭ፣ ጎን ለጎን፣
ውስጣቸው ጠጉራም፣ የጥጃ ጆሮ መስለው።
«የቆቅ ፍሬ ይሏታል» አለኝ ረዳቴ ድዌይን፤
«ንብ ሁለቱንም ካልሳመች፣ ፍሬ የለም ከአንዲቷ ጎን።»

ሐረግ ስል የማውቀው በመዝገብ ቤት ያለውን ነው፤
አባት ወለደ፣ ልጅ ወረሰ፣ ጸሐፊ ፈረመው።
ይህች ሐረግ ግን ፊርማ አታውቅም፤
ራሷ በዊላ፣ ጅራቷ በአይዳ፣ ማንንም አላስፈቀደችም።

መቼም በርስት ቀልድ የለም።
ችካሉን ከቦታው አንዲት ጣት አላዛነፍኩም።
ብቻ ሐረጓን በሁለት ጣት ቀና አድርጌ አንሥቼ፣
ብረቱን በሥሯ አሳለፍኩ፣ ትንፋሼን ውጬ።

ታኅሣሥ ላይ ዳግም ተጠራሁ። ችካሉ ተጋድሟል።
ዊላ አይዳን ከሳለች፣ አይዳም ዊላን ከሳለች፣
«ድንበር ገፊ!» ተባብለው ደብዳቤው ከቢሮዬ ደርሷል።
ገፊው ውርጭ ነበር።
መሬት ሲያብጥ ብረቱን ተፋው፣ ሌላ ነገር አልነበር።

ሐረጓ ችካሉን ተሻግራ ፍሬ ይዛለች፤
ቀይ፣ ከዶቃ የማትበልጥ፣
ሁለት ጠባሳ ያለባት፣
ሁለቱ አበቦች የረገፉባት።
ቀመስኳት። ጣዕም የላትም። ውኃ ውኃ ትላለች።

ከላይኛው ቤት የመጣ የአንድ ሰው ዱካ አለ፣
እዚህ ሲደርስ ቆሟል፤
በረዶው ላይ ጉልበት ያተመው ሁለት ጎድጓዳ ቀርቷል።
ከፍሬዎቹ አንዱ ጎድሏል፤
ቆቅ ይሁን ሰው፣ እንጃ።
ከታች በኩል ያለው በረዶ ገና አልተረገጠም።

ብረቱን አቅንቼ መታሁት።
በማስታወሻዬም ጻፍኩ፦ ችካል ቁጥር ሰባት፣ ቆሟል።