ተገናኝቷል፤ ኢንተርኔት የለም

ሥራዬ ስልክ ማንሳት፣ ከንጋት እስከ ማታ፣
ያኮረፈ ኮምፒውተር ማባበል በእርጋታ።
አኩሬይሪ ከተማ፣ ከወደቡ በላይ፣
አሥራ ስድስት ጥያቄ ተለጥፎ ፊቴ ላይ፤
ከላይ ወደ ታች ነው፣ መዝለል የለም ከቶ፣
ደንበኛው ቢሳደብ፣ ቢነግርህም አብራርቶ።

ማክሰኞ ጠዋት ላይ ደወለች ስቴይንቮር፣
ከምዕራቡ ጫፍ ላይ፣ ከባሕር ጥግ አገር፤
ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ በየሦስት ሰዓቱ
ደጅ ትወጣለች፣ ሌሊት ከመዓልቱ፣
ነፋሱን ለክታ፣ ደመናውን አይታ
ቁጥሩን ትልካለች ጀልባው ገመድ ሳይፈታ።

«ማታ» አለች «አፕዴት ሳይጠራ መጣና፣
ሙሉ ሌሊት ማሽኑን አጥፍቶ አበራና፣
ሲነጋ ሳየው ሰዓቱ ተዛብቷል፤ ኢንተርኔቱም ጠፋ።»
ሰማሁ፤ አልሰማሁም፤
ቁጥር አንድ ጥያቄ ከአፌ ቀድሞ ተተፋ፦
«ሶኬቱ ተሰክቷል? ገመዱስ ጠብቋል?»
«እርጅና ጉልበቴን እንጂ ዓይኔን መች ነክቷል?»

ሞደሙን አጠፋን፤ ሠላሳ ቆጠርን፤
እሷ የኔን ድምፅ፣ እኔ የሷን ትንፋሽ እያዳመጥን።
አረንጓዴው መብራት ብልጭ፣ ብልጭ፣ ቆመ።
«በራ!» አለች። ደስታችን ደቂቃም አልከረመ፤
ከማያ ገጹ ጥግ ተጽፏል በደማቁ፦
«ተገናኝቷል፤ ኢንተርኔት የለም»፤ ይኼ ነው ጭንቁ።
«ይኼማ» ብላ ሳቀች «የወንድሜ ትዳር ነው፤
አንድ ጣሪያ ሥር አሉ፣ ወሬ ነው የሌላቸው።»

ኔትወርኩን «እርሺው» አልኳት፤ ረሳችው።
የይለፍ ቃል ሲጠይቅ፣ ፊደል በፊደል መልሳ አስታወሰችው።
ድራይቨሩን ነቅለን ዳግመኛ ተከልን፣
ጥቁሯን መስኮት ከፍተን በትእዛዝ ለመንን፤
ፒንግ ብንል ከሩቅ መልስ መጣ ፈጥኖ፣
ገጽ ስትከፍት ግን «አያስተማምንም» የሚል ቀይ ጽሑፍ ሆኖ።
አሥራ ስድስት ደረስኩ፤ ወረቀት ብቻ ቀረ በእጄ፤
ከታቹ ባዶ ነው። ዝም አልኩኝ ተዋርጄ።

«ሦስት ሰዓት ሞላ» አለች «ቆየኝ፣ ልወጣ ነው።»
ስልኩ ጠረጴዛ ላይ፤ የነፋስ ፉጨት ብቻ ነው የምሰማው።
ተመልሳ መጣች፣ ትንፋሿ ተቆራርጦ፦
«እስቲ አንተ ጻፍልኝ፣ ማሽኔ ተቀምጧል አፍጥጦ።
ሰሜን ምሥራቅ ነፋስ፣ በሰከንድ አሥራ ሰባት ሜትር፤
ከተራራው ግማሹ የለም፤ ከሰዓት በኋላ በረዶ ሳይጥል አይቀር።
ሰዓት...» ብላ ቆመች። «ሰዓቱን ከየቱ ልንገርህ? ከግድግዳው ነው
ወይስ ከኮምፒውተሩ? ነግሬህ የለም? እሱ ገና ሁለት ሺህ ዘጠኝ ላይ ነው።»

ነግራኛለች። ገና አፏን ስትከፍት፣ በመጀመሪያው ትንፋሽ፤
ያለፍኳት እኔ ነኝ፣ ጆሮዬን ለወረቀት አከራይቼ በብላሽ።

ሳንቲም የምታክል ባትሪ ከማሽኑ ሆድ ውስጥ ሞታለች፤
አፕዴቱ አጥፍቶ ሲያበራው ዓመት መቁጠር ረስታለች።
በአሥራ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ የቀረን ማን ያምነዋል በዚህ ዓለም?
የእያንዳንዱ ገጽ ማኅተም ለሱ ገና አልተወለደም።

«ከታች በቀኝ በኩል ተጫኚ፤ ቀኑን አስተካክዪ» አልኳት።
ዘገየች። ነፋሱ መስኮቷን ሲመታ ሰማሁት። ጠበቅኳት።
«ትንሽ ይቆይልኝ» አለች «ጉልበቴ ያኔ ደኅና ነበረ።»
አሰበች። «ባንኬ ግን ያኔ ከነገንዘቤ ከስሮ ነበረ።
ይሁን፣ ልመለስ።» ጠቅ። ጠቅ።

ቁጥሮቹ ሄዱ፤ አሥራ ሰባቱ ሜትር፣ ደመናው፣ ግማሹ ተራራው፤
ከመስኮቴ ሥር አንድ ጀልባ፣ ሊፈታ የጀመረውን ገመድ መልሶ አሰረው።
እኔም ከቁጥር አንድ በላይ፣ በቀረችው ጠባብ ቦታ፣
በእርሳስ ጻፍኩ፦ «ሰዓቱ ስንት ይላል?»
አለቃዬ መጣ ወደ ማታ፣
አጎንብሶ አነበበው። «ይኼ» አለኝ «የት ነው የተፈቀደው?»
ስልኩ ጮኸ። ሳልመልስለት አነሳሁት።
እስካሁንም አልመለስኩለት።