ከ«ጀምር» በፊት

ቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ ልስን ያልነካው ፎቅ፤
መብራት ጠፍቶበታል፣ ቀኑን ማን ቆጠረው፤
ካሜራው የኪራይ፣ ባትሪው አንድ ሐሙስ ቀረው።
ሲራክ ባጃጁን አዞረ፤ ደረጃው በፊት መብራት ነጋ፣
ከምሳችን ተቀንሶ፣ ለሊትር ቤንዚን ዋጋ።

ጋሽ በዳሳ፣ ዘበኛው፣ አባት ሆኖ ልጅ ይጠብቃል፤
ዘጠኝ ጊዜ ቀረጽኩት፤ ዘጠኝ ጊዜ ያለቅሳል።
«አታልቅስ» ስለው ይብስበታል።

ሌሊት ሳቀናብር አገኘሁት፣ ከ«ጀምር» ቃሌ በፊት፣
እኔ ገመድ ስፈታታ፣ ካሜራው ለካ ክፍት፤
እንባ የለው፣ ቃል የለው፣
በካፖርቱ እጅጌ የሲሚንቶ አቧራ
ከጎኑ ሲጠርግ፣ ለአንድ ሰው ስፍራ።

ዘጠኙን ሰረዝኩ።
የእውነት ልጁ የት እንዳለ ግን
እስካሁን አልጠየቅሁትም።