ዓሣ የመሰለችው ቀዳዳ

እኔ ሹፌሩ ነኝ። መሪ የያዘ ሰው ብዙ ነገር ያያል፤
ከፊቱ መንገዱን፣ ከኋላው የጫነውን ፊት በመስታወት ያጠናል።
ኮሎኔል ኪንታኒያን ከጦር ሰፈር ጦር ሰፈር ሳመላልስ ዘጠኝ ዓመት ኖርኩበት፤
የጫንኩት የሚያዝ አፍ ሳይሆን የሚያይ ዓይን መሆኑን ውሎ አድሮ ደረስኩበት።

ትከሻው ላይ ኮከብ አለ፤ ከሥሩ ግን ጭፍራ የለም፤
አንድ ወታደር አያስርም፣ አንድ ሻምበል አይሽርም።
ያለው ደብተር ነው፤ ሚዛን ነው፤ ጠይቆ ዝም የማለት ልማድ፣
ዝም ሲል ሰው ይጨንቀዋል፤ ክፍተቱን ሊሞላ ይናገራል በግድ።

ያን ጊዜ ወደ ፑኖ ወጣን፤ አራት ሺህ ሜትር ከፍታ፣
የሐይቁ ነፋስ ካፖርት አልፎ ደረት የሚመታ።
ሰፈሩ መምጣታችንን ሰምቶ ኖሯል፤ ግንቡ በኖራ ተለቅልቆ፣
የበሩ ዘብ ጓንት አጥልቆ፣ ጫማው እንደ መስታወት ደምቆ።
ኮሎኔሉ ግድግዳውን ነካ፤ ጣቱን አየው፤ ነጭ ሆኗል።
«ትናንት ነው?» አለ። ሻምበሉ «ባለፈው ወር» ብሎ ምሏል።

ወጥ ቤት ገብቶ ጭልፋውን እስከ ድስቱ ወለል ሰደደ፤
ድንችና ውሃ ወጣ፤ በጉ በወረቀት ብቻ ታረደ።

ከዚያ የብርድ ልብስ ቆጠራ። መዝገቡ ሦስት መቶ ይላል።
አንደኛው ቤት፣ መቶ፤ ልክ ነው። ሁለተኛው፣ መቶ፤ ይሞላል።
ሦስተኛውም መቶ። ሻምበል ሪቫዴኔይራ ፊቱን ፈገግታ ቀባ፤
ኮሎኔሉ ግን ካንዱ አልጋ ጎን ጎንበስ አለ፤ ጣቱን ቀዳዳ ውስጥ አስገባ።

እኔም ከበሩ ሆኜ አየኋት። ሲጋራ ያቃጠላት ቀዳዳ፣
ጅራት አላት፣ አፍም አላት፤ ዓሣ ናት፣ የሌላ ሐይቅ እንግዳ።
ያችው ዓሣ ጠዋት በአንደኛው ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር ተኝታ ነበር፤
እኛ በፊት በር ስንወጣ እሷ ቀድማን ዋኘች በጓሮ በር።

መቶ ብርድ ልብስ፣ ሦስት ጊዜ። ሁለት መቶው በማን ገበያ እንዳለ
አልጠየቀም። ጻፈ። ደብተሩን ዘጋ። «ምሳው እንዳይበርድ» አለ።

ማታ የክፍሉን በር ገርበብ አድርጎ ለሚመጣ ሁሉ ተቀመጠ።
ሁለት ሰዓት ሙሉ የመጣው ነፋስ ነው፤ ኩራዙ ሦስቴ ተንቀጠቀጠ።
ኋላ አንድ ልጅ፣ ሳቱርኒኖ ቾኬዋንካ፣ ከንፈሩ የተሰነጠቀ፣
ወደ በሩ ሳይሆን እኔ ወዳለሁበት፣ ወደ መኪናው ዘለቀ።
ሹፌር አይፈራም። «እሱ ሰውዬ ምን ያደርጋል?» አለኝ።
«ይጽፋል» አልኩት።
«ከዚያስ?»
ሞተሩን እያየሁ ዝም አልኩኝ።

ቢሆንም ገባ። ከውጭ ሆኜ የሰማሁት ቁራጭ ቁራጩን ነው።
«ኤውሎሂዮ ማማው ላይ በሸሚዝ አደረ፤ ሳሉ ሳምንት ቆየ፤
‹ድንገተኛ ሕመም› ብለው ጻፉለት። ጥፍሩ ሲጠቁር ግን ማን አየ?»

«ስምህን እሰውራለሁ» አለ የኮሎኔሉ ድምፅ፤ «ተስፋ ግን አልሰጥህም፤
እኔ አላዝም፤ ለሚያዘው ነው የምነግረው። በዚህ አልዋሽህም።»
ልጁ ቆየ። «የኔን ስም ደብቅ» አለ፤ «የሱን ግን በትልቁ ጻፍ።»
ብዕር ወረቀት ሲቧጥጥ ሰማሁ፣ በመስኮቱ ሥር ሳልፍ።

ስንወርድ ስልክ ቀድሞናል። ሻምበሉ አጎት አለው በዋናው ከተማ፤
እኔ በሬዲዮ ሰማሁ፤ ኋላ የተቀመጠውም ሰማ።
ኹሊያካ ሳንደርስ «አቁም» አለ። ወረቀቱን ቦኔት ላይ ዘረጋ፤
ነፋስ እንዳይወስድበት በክንዱ ተጭኖ፣ ሲሰርዝ ሲጽፍ ነጋ።
የሰረዘውን አላየሁም። ምስክር በሚለው መስመር ላይ ግን
የልጁ ስም የለም፤ «ያየሁት እኔ ነኝ» ይላል፣ በገዛ ፊርማው ሥር።

በሰኔ፣ የዚያ አገር ብርድ ሲጸና፣ ተመለስን፤ ማንም አልሰማ፤
ግንቡ አልተቀባም። መዝገብ አልጠየቀም፤ ቀጥ ብሎ ወጣ ወደ ማማ።
ዓሣዋ እዚያ ናት፣ በዘቡ ትከሻ፤ በቀይ ክር ተሰፍታለች።
ሻምበሉ ሌላ ነው። ግምጃ ቤቱ ተከፍቶ ቆጠራው ተጀመረ።
መቶ ስልሳ አራት።
ጻፈ። ደብተሩን ዘጋ። መኪና ሲገባ
«ገና ነው» አለኝ፤
ሞተሩን አስነሳሁ።