አንድ ነጥብ ሦስት ሰው

ባዝል ነው። ኅዳር ነው። ራይን ጭጋግ ለብሷል።
አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ መብራት አምሽቷል።
ቭሬኒ ትመዝናለች፦ እህል አይደል፣ ወርቅም፤
ሰው ከሰው ሲቀላቀል ይለይ እንደሁ፣ አይለይም።

መልእክቱ ይገባል፤ ሦስት ጣቢያ ያድራል፤
ከሌላው ጋር ታሽቶ፣ ዘግይቶ ይወጣል።
መንገዱን ጠብቆ አድፍጦ ለሚያይ
ማን ላከው ቢባል፣ ከመቶ አንዱ፤ ማን ይለይ?

መቶ ሰው ፈቅዶላት ለሙከራው ገብቷል፤
ስም የለም፤ ቁጥር ነው። ወረቀት ተፈርሟል።

ግን መቶ መቶ አይደለም።
ዘጠና ዘጠኙ ተኝቶ አንዱ ብቻ ሲያስል
ጨለማው ምን ያደርጋል?

ስለዚህ እያደነች ትለካለች።
ጠላት የሚያስበውን ከጠላት ቀድማ ታስባለች።
ማዳን እና ማደን፦
ልዩነታቸው የአንዲት ፊደል እግር ናት፤
ቭሬኒ በዚያች እግር ቆማ ነው የሚነጋባት።

ቁጥር ሰባ አንድ፣
ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ሌሊት አሥራ አንድ ከሩብ።
በመጀመሪያው ሳምንት በዚያ ሰዓት የነቁ አርባ አንድ፤
በሁለተኛው ዘጠኝ፤
በሦስተኛው ያው ዘጠኝ። ደስ አላት፣ ሻይ አፈላች።
በአራተኛው ሰባ አንድ ሃያ ደቂቃ ዘገየ።

ያን ቀን ጠዋት፣ ከሕንጻው ሥር፣ ዳቦ ቤቱ በር ላይ
በእጅ የተጻፈ ወረቀት ነበር፦
«ትራም ተበላሽቶ ነው። ዳቦው ዘግይቷል። ይቅርታ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ምን እንደሚጽፍ አታውቅም፤ ቃሉ ተቆልፏል።
ለማን እንደሚጽፍም።
ዳቦ ጋጋሪው ስሙ በአት ነው፤ በዚያ አገር የወንድ ስም፤
በእኛ ጆሮ ግን መናኝ የሚሸሸግበት ዋሻ።
ዋሻውን ቆልፎ ገብቶ
ኮቴውን ደጅ ረስቶታል።

በነጋታው ወረደች። ሁለት አጃ ዳቦ።
አራት ዓመት ሙሉ «እንደምን አደርክ፣ በአት» ስትል
ዛሬ «እንደምን አደርክ» ብላ ዝም።
ስሙ ከአፏ ቢወጣ
እሷው የምታሳብቅበት መሰላት።
እሱ ዱቄቱን ከክንዱ አራግፎ መልሷን ቆጠረ፤
አምስት ሳንቲም አበዛላት፣ አላየም።

ሪፖርቱ ላይ እንዲህ አለች፦
«ሰባ አንድ። ከመቶው መሸሸጊያ የቀረለት፣
አንድ ነጥብ ሦስት ሰው።»

አንዱ እሱ ነው።
ሦስት አሥረኛው፣
ሥሌቱ ጭጋግ ነው ይላል፤
እሷ ግን እንዳትጠርገው
እጇን ኪሷ ከታዋለች።